የጨርጨር ጆሮ፤ በአሰበ ተፈሪና በአካባቢዋ ከተሞች የዘፈን ወዳጆች አጭር ታሪክ

የአንድ አገር ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ ስለ ሹማምንቱ፣ ስለ ጦርነቱና ስለ ውሉ ብዙ ይባላል። ሕዝቡ ከሥራ ሲመለስ ምን ሲሰማ እንዳመሸ፣ የወደደውንም ዘፈን ለጎረቤቱ እንዴት አድርጎ እንዳካፈለ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። እኛም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፣ ከቡናውና ከሐዲዱ ይልቅ ይህን መረጥን። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። በዕረፍት ሰዓት ከመካከላችን አንዱ የአሊ ቢራ፣ ሌላው የዓለማየሁ እሸቴ፣ ሦስተኛዋ የእጅጋየሁ ሽባባው ወዳጅ ሆነን ስንከራከር፣ ክርክሩ ዘወትር «አባቴ እንዲህ ብሏል»፣ «አያቴ ያኔ በጆሮዋ ሰምታለች» ወደሚል ምስክርነት ይዞራል። እንግዲህ ምስክሮቹን ራሳቸውን ብንጠይቅ፣ በመጻሕፍት ከተጻፈውም ጋር ብናስተያይ መልካም መሆኑን አሰብን።

አስቀድሞ ስለ ከተማችን ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ዛሬ ጭሮ የምትባለው የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ፣ አሰበ ተፈሪ በሚለው ስሟ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የጨርጨር ገዥ በነበሩት በፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጊዜ ነው። ስሙ የራስ ተፈሪን ስም የያዘ ነው፤ የአውራጃው መቀመጫ ከዚያ በፊት ቁኒ ነበረ። እኚህ ሰው በሩሲያ አገር የተማሩና «ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን፣ በአማርኛ የመጀመሪያ የሆነውን ቲያትር የደረሱ መሆናቸውን ብዙ ሰው ያውቃል። ቲያትሩ የጊዜውን አሠራር ይነቅፋል ተብሎ መታገዱን ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። የከተማችን ቆርቋሪ ሥራቸው የታገደባቸው የጥበብ ሰው ነበሩ ማለት ነው። ይህን አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ታች ስለ ሌላ የታገደ ነገር እንናገራለንና።

ከተማዋ ስትቆረቆር አገሩ ዘፈን ያልነበረው አገር አልነበረም። በጨርጨር የሚኖረው የኢቱ ኦሮሞ ለሠርጉ፣ ለእርሻውና ለከብቱ ለየራሱ ዘፈን ነበረው። ወጣቶችና ልጃገረዶች ፊት ለፊት ሆነው በአንገትና በትከሻ የሚጫወቱት ሸጎዬ እስከ ዛሬ በሐረርጌ ሁሉ የታወቀ ነው። ከሸዋ የመጡት ወታደሮችና ነጋዴዎች ደግሞ አዝማሪውን ከነማሲንቆው አስከትለው መጡ። በመስጊዱ በኩል መንዙማ፣ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል የያሬድ ዜማ ይሰማል። በገበያ ቀን እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን መስማት ይቻል ነበርና፣ የአካባቢያችን ጆሮ ከመጀመሪያው የተቀላቀለ ነገር መስማት የለመደ ነበረ።

የባዕድ አገር ዘፈን የገባው በባቡር ነው። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ወደ ደጋው ከተማችን አልወጣም፤ በቆላው በአፍደም፣ በሚኤሶና በአሰቦት በኩል ያልፋል። ነገር ግን ሚኤሶ ላይ የወረደ ዕቃ በአጋሰስ፣ በኋላም በመኪና ተጭኖ አሰበ ተፈሪ፣ ከዚያም ሂርና፣ በዴሳና ገለምሶ ለመድረስ ብዙ ቀን አይፈጅበትም ነበር። ግራሞፎኑና ሸክላው በዚህ መንገድ ወጡ። ኢትዮጵያዊ ድምፅ በሸክላ የተቀረጸው ቀደም ብሎ ነው፤ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የመጀመሪያው የአገራችን ሸክላ ዘፋኝ ሆነው በጀርመን አገር የተቀረጹት ባቡሩ አዲስ አበባ ሳይገባ ነበርና። ሽማግሌዎች እንደሚነግሩን ግራሞፎን ያለው ሻይ ቤት ከሌለው ሻይ ቤት ይልቅ ስኳሩን አሳንሶ እንኳ ሰው አያጣም ነበር።

ከጣሊያን ጦርነት በኋላ ያለው ዘመን የባንዶች ዘመን ነው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች ለአገራችን የናስ ሙዚቃ መነሻ ሆነው ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ክብር ዘበኛው፣ ጦር ሠራዊቱና ፖሊሱ እያንዳንዳቸው ኦርኬስትራ አቋቋሙ። ከእነዚህ ሁሉ የክብር ዘበኛው ገነነ። ምክንያቱም መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. የተወለደው ጥላሁን ገሠሠ በዚያ ስለ ነበረ ነው። ሬዲዮ በየአውራጃው ከተማ ሲገባ የሠራተኛውም፣ የባለሱቁም፣ የተማሪውም ቤት የጥላሁን ቤት ሆነ። ጥላሁን በኦሮምኛም መዝፈኑ ለእኛ አገር ሰው ትልቅ ነገር ነበር። አንዲት እናት ስንጠይቃቸው፣ «ልጆቼ፣ እኔ ያን ጊዜ አማርኛ ብዙም አልሰማ፤ እሱ ግን ሲዘፍን ይገባኝ ነበር፤ በኦሮምኛ የዘፈነ ቀን ደግሞ ገንፎዬ አረረ» ብለውናል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት በከሸፈ ጊዜ ጥላሁን መታሰሩ ሲሰማ ያዘኑለት ሰዎች ስለ ፖለቲካው አልነበረም ያዘኑት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በድሬዳዋ «አፍረን ቀሎ» የሚባል የሙዚቃና የባህል ቡድን ተቋቋመ። ትርጓሜው «አራቱ የቀሎ ልጆች» ማለት ሲሆን፣ በምሥራቅ ሐረርጌ ያሉትን የኦሮሞ ጎሳዎች የሚያመለክት ነው። በዚያን ዘመን ኦሮምኛ በመሥሪያ ቤት የማይጻፍበት፣ በትምህርት ቤት የማይማሩበት፣ ለማተሚያ ቤትም የተከለከለ ያህል የነበረ ቋንቋ ነው። ስለዚህ በኦሮምኛ፣ በዘመናዊ መሣሪያ፣ በአደባባይ መዝፈን ብቻውን ወሬ ነበር። ቡድኑ በሠርግና በበዓል ይጫወት ነበር። አሊ መሐመድ ሙሳ የሚባል አንድ የድሬዳዋ ልጅ ገና በለጋነቱ ከዚህ ቡድን ገባ፤ መጀመሪያ በዘፈነው ዘፈን ምክንያትም አሊ ቢራ ተባለ። ቢራ በኦሮምኛ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ የሚጠራበት፣ አበባ የሚያብብበት ወቅት ነው። ከዚህ የተሻለ ስም የወጣለት ዘፋኝ ያለ አይመስለንም።

ቡድኑ ብዙ አልቆየም። መንግሥት አገደው፤ ከአባላቱም የታሰሩ፣ የተሰደዱም ነበሩ። አሊ ቢራ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ የክብር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል ባልደረባ ሆነ። በባቡር ቢሉም በመኪና፣ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ የእኛን አገር ሳያቋርጥ አይሄድምና፣ ዘፈኑም እንደ መንገደኛ በየጣቢያው አረፈ። የጨርጨር ኢቱ ከቀሎ ወገን ባይሆንም ዘፈኑን የራሱ አደረገው።

እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት ነገር፣ ሸክላ ያልወጣለት፣ ካሴትም ያልነበረው የታገደ ዘፈን እንዴት አድርጎ ከድሬዳዋ ገለምሶ ደረሰ የሚለው ነው። ሽማግሌዎቹ የመለሱልን በአጭሩ ነው። በሰው አፍ ደረሰ። ለጫት ወይም ለጨርቅ ንግድ ድሬዳዋ የወረደ ሰው ሠርግ ላይ የሰማውን ዜማ በልቡ ይዞ ይመለሳል፤ በሂርና ለባልንጀራው ያንጎራጉርለታል፤ ባልንጀራው ቃሉን በግማሽ፣ ዜማውን በሙሉ ይይዝና ለሌላው ያቀብላል። ሁለተኛው መንገድ ሬዲዮ ነበር። የሞቃዲሾ ሬዲዮ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ በኦሮምኛ ያሰራጭ ስለ ነበረ፣ ትራንዚስተር ያለው ሰው በሩን ዘግቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይሰማ ነበር። ድምፁን ዝቅ ማድረግ የተገባበት ምክንያት ለአንባቢ ግልጽ ነው። የሶማሊያ መንግሥት ለኦሮምኛው ያሰበው ለራሱ ጥቅም መሆኑን ሽማግሌዎቹ አይስቱም፤ «ሬዲዮው የእነርሱ ነበር፣ ዘፈኑ ግን የእኛ» አሉን። በእኛ አስተያየት ይህ አባባል ከብዙ የታሪክ መጽሐፍ ይልቅ ነገሩን ያስረዳል።

አሊ ቢራ እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣው አልበም በኦሮምኛ ዘፈን ታሪክ የመጀመሪያው ተብሎ ይጠራል። በዑድ የታጀበው ዜማው የዓረቡንና የሱዳኑን ለዛ ስለሚያስታውስ፣ አማርኛ ተናጋሪውም፣ አደሬውም፣ ሶማሌውም ያለ አስተርጓሚ ተቀበለው። እርሱም በኦሮምኛ ብቻ አልተወሰነም፤ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በዓረብኛ ዘፍኗል።

በዚያው ሰሞን ሌላ ንፋስ ከአዲስ አበባ ነፈሰ። ሸክላ ማሳተምና ማስመጣት እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ በዐዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ ነበር። ዐምሐ እሸቴ የሚባል የሙዚቃ ሱቅ የነበረው ወጣት ግን በ1969፣ እንደ ፈረንጆቹ አቈጣጠር፣ ይህን ዐዋጅ ተዳፍሮ በራሱ ስም ሸክላ አወጣ። የመጀመሪያውን የዘፈነው ዓለማየሁ እሸቴ ነው። ሸክላዎቹ በሕንድ፣ በኋላም በሊባኖስ እየታተሙ ይመጡ ነበር። ባለሥልጣኖቹ ቢቈጡም ክርክሩ ዐምሐን አላቆመውም፤ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ የሚበልጡ ባለሁለት ዘፈን ሸክላዎችና አንድ ደርዘን ያህል አልበሞች አወጣ። የሌሎች አሳታሚዎችም በር በዚሁ ተከፈተ።

ዓለማየሁ እሸቴ የአሜሪካኑን የጄምስ ብራውንን አዘፋፈን የወደደ፣ ጩኸቱንና እንቅስቃሴውን ለአማርኛ ያስማማ ሰው ነው። ፋንክ የሚባለው ስልት ይኸው ነው። ከዜማው ይልቅ ምቱ ይገዛል፤ ባስ ጊታሩና ድራሙ ተያይዘው በመጀመሪያው ምት ላይ አጥብቀው ይረግጣሉ፤ የናሱ መሣሪያ ደግሞ እንደ ተሳዳቢ ጎረቤት በመሐል እየገባ ይጮኻል። ይህ ስልት ወደ አገራችን የገባው በአሥመራ በነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ሬዲዮ፣ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮም በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሊያስተምሩ በመጡት የሰላም ጓድ መምህራን ሻንጣ ነው። የዚያን ዘመን ተማሪዎች፣ የዛሬ አባቶቻችን፣ አፍሮ ጠጉር አጐፍረው፣ እግሩ የሰፋ ሱሪ ለብሰው በአሰበ ተፈሪ አስፋልት ላይ የተነሡት ፎቶግራፍ በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ አለ። እነዚሁ አባቶች ዛሬ የእኛን ጠጉር ሲነቅፉ መስማት ያስቃል።

ስለ ቅይጥ ሙዚቃ የምንለው አጭር ነው፤ በቤተ መጻሕፍት ብዙ ተጽፎበታልና። የጅማው ተወላጅ ሙላቱ አስታጥቄ በእንግሊዝና በአሜሪካ ተምሮ፣ ባለ አምስት ድምፁን የአገራችንን ቅኝት ከጃዝ ጋር አዛመደ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ1963 ግብፃዊው ሐሊም ኤልዳብ ያቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ፣ ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱንና በገናውን በአንድ መድረክ አቀመጠ። ቀድሞ እነዚህ መሣሪያዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቦታና ጊዜ ነበራቸው። ሆኖም ሐቁን እንናገርና፣ በጨርጨር ከተሞች የሙላቱን ሸክላ ገዝቶ ያስቀመጠ ሰው ፈልገን አላገኘንም። የእኛ አገር ሰው ቃል የሌለው ዘፈን ሲሰማ «ዘፋኙ መቼ ይገባል?» ይላል።

በ1967 ዓ.ም. ንጉሡ ወረዱ፤ ዐምሐ እሸቴም አገር ለቀቀ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የአዲስ አበባ ጭፈራ ቤቶች ወይ ተዘጉ ወይ እንግዳውን እስኪነጋ ቈልፈውበት የሚያድሩ ሆኑ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት ሐረርጌን አመሰ፤ ባቡሩም ተቋረጠ። ሊታሰብ እንደሚቻለው ዘፈን በዚያ ጊዜ ዝም ማለት ነበረበት፤ ዳሩ ግን ካሴት መጣ።

ካሴት ከሸክላ የሚለየው በርካሽነቱ ብቻ አይደለም። ሸክላ ሰሚው ብቻ ይሰማዋል፤ ካሴትን ግን ሰሚው ራሱ መቅዳት ይችላል። ሁለት ቴፕ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ሕፃናቱን ከቤት አስወጥቶ፣ ዶሮ እንዳይጮኽ እየጸለየ ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀዳል። የዶሮው ድምፅ የገባበት ካሴት በክፍል ጓደኛችን ቤት እስከ ዛሬ አለ። በየከተማው የተከፈቱት ሙዚቃ ቤቶች የደንበኛውን ምርጫ በወረቀት ተቀብለው ባዶ ካሴት ላይ ይቀዱ ነበር። እኛ የዚህን ወረቀት ምሳሌ ከአንድ የቀድሞ ሙዚቃ ቤት ባለቤት ዘንድ አይተናል። በአንድ ወረቀት ላይ የማሕሙድ አሕመድ፣ የአሊ ቢራ፣ የአስቴር አወቀና የሱዳኑ የመሐመድ ዋርዲ ስም ተከታትሎ ተጽፏል።

«ጋሼ፣ ሰዎች ቋንቋ እየለዩ አይጠይቁም ነበር?» አልናቸው።

«አቦ፣ ማን ቋንቋ ይለያል! ቅር የሚላቸው ካሴቱ ሲቆራረጥ ነው» አሉን።

ካሴቱን ከከተማ ከተማ ያዞረው የጫት መኪና ነው። ጫት ከተቈረጠ በኋላ ቶሎ ካልደረሰ ዋጋ ያጣልና ሹፌሩ ሌሊት እንዳይተኛ ዘፈን ያስፈልገዋል። በበዴሳ የተቀዳ ካሴት በሹፌሩ እጅ ድሬዳዋ ይደርሳል፤ በምትኩ ድሬዳዋ አዲስ የመጣው በማግስቱ ጭሮ ይሰማል። ቀጥሎ በርጫው ላይ ነገሩ ይፈረዳል። ስለ ጫቱ መምህሮቻችን በየጊዜው የሚነግሩን በቂ ስለ ሆነ እኛ አንጨምርበትም፤ ነገር ግን በዚያ ክብ መካከል አንድ አዲስ ካሴት ከገባ፣ ሰዎቹ እንደ ዳኞች ተቀምጠው ድምፁን፣ ግጥሙንና አጃቢውን ለየብቻ መርምረው ይፈርዱ እንደ ነበረ ያልመሰከረልን የለም። ለዘፋኙ እንጀራ ግን አልተጨነቁም። እያንዳንዱ ቅጂ ከዘፋኙ ኪስ የወጣ ገንዘብ ነበር፤ የቅጂ መብት ዐዋጅ የወጣውም ዘግይቶ በ1996 ዓ.ም. ነው።

ይህን የመቅዳትና የማዞር ነገር የጨርጨር ሰው ብቻ ያደረገው እንዳይመስል አንድ ሁለት ምሳሌ ከውጭ አገር እናምጣ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1984 ወዳጁ ከኢትዮጵያ ያመጣለትን የማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ሰማ። በነገሩ ተደንቆ በካሴት እየቀዳ ለሚያውቃቸው ሙዚቃ ወዳጆች ላከ፤ ማንም ምን እንደ ሆነ ሊነግረው ስላልቻለ ራሱ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። «ኤረ መላ መላ» በ1986 በብሩሰልስ ታተመ፤ ከ1997 ጀምሮም «ኢትዮፒክስ» የተባሉት ተከታታይ ሲዲዎች ወጡ፤ ቊጥራቸው ዛሬ ከሠላሳ አልፏል። ነገሩ የተጀመረው በርጫ ላይ እንደሚደረገው ያለ በካሴት መቅዳት ነበር።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። የዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሄዶ ሲመለስ፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ብቻውን ተጫውቶ ያወጣው ካሴት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ይኖር ነበር። ብዙ ዓመት አልፎ አንድ የአፍሪካን ካሴት የሚሰበስብ አሜሪካዊ ያንን ካሴት በባሕር ዳር አገኘው፤ ባለቤቱንም ፈልጎ በ2013 ዳግመኛ አሳተመለት። ኃይሉ መርጊያ እንደገና መድረክ ላይ ወጣ፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ዞረ። ይህ ሁሉ የሆነው ባሕር ዳር ያለ አንድ ሰው ካሴቱን ባለመጣሉ ነው።

ይህን ካነበብን በኋላ ነው የራሳችንን ቤት መፈተሽ የጀመርነው። ዛሬ ዘፈን የሚካፈለው በስልክ ነው፤ በሚሞሪ ካርድ፣ በብሉቱዝ፣ በቴሌግራም። የሮፍናን «ነጸብራቅ» በ2010 ዓ.ም. ሲወጣ ወደ ጭሮ ለመድረስ ሹፌር አላስፈለገውም። ይህን አንነቅፍም። ነገር ግን በስልኩ ውስጥ የማይገኝ ብዙ ነገር በካሴቱ ላይ አለ። የሠርግ ዘፈን፣ ስማቸው ከአካባቢያቸው ያላለፈ ዘፋኞች፣ በሂርናና በገለምሶ በቴፕ የተቀዱ ሸጎዬዎች ከዚያ በቀር በየትም አይገኙም። ሙዚቃ ቤቶቹ ተዘግተዋል፤ ወይ የሞባይል መጠገኛ ሆነዋል። ካሴቶቹ በጆንያ ተጥለዋል፤ ሪባናቸው ለአጥር ማሰሪያ ሲሆን አይተናል።

አሊ ቢራ ብዙ ዘመን በአሜሪካ፣ በስዊድንና በካናዳ ኖሮ ወደ አገሩ ተመልሶ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ዐረፈ፤ የተቀበረውም በድሬዳዋ ነው። ጥላሁን ገሠሠ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ዓለማየሁ እሸቴ ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ዐርፈዋል። በእነዚህ ዓመታት አንድ ሰው በስልኩ የሚያሰማው ዘፈን በምን ቋንቋ እንደ ሆነ አይቶ ሰውየውን የሚመድብ ሰው በዝቷል። የእኛም ክርክር አንዳንድ ጊዜ ወደዚያ ሊንሸራተት ሲል አይተነዋል። ያን ጊዜ ከሙዚቃ ቤቱ ባለቤት የተቀበልነውን ወረቀት አውጥተን እናነባለን፤ አራት ስም፣ ሦስት ቋንቋ፣ የአንድ ደንበኛ ምርጫ።

የታሪክ ክበባችን እስካሁን ከተማሪ ወላጆች የተሰጡትን ካሴቶች በአንድ የካርቶን ሣጥን አስቀምጧል። መለያ የሌላቸው አሉ፤ በእርሳስ «ለእህቴ ሠርግ» ወይም «የበዴሳው ልጅ» ብቻ የተጻፈባቸውም አሉ። በርጥበት የተጣበቀ ሪባን በኃይል ቢዞር ይበጠሳልና፣ ወላጆች በቤታቸው ያለውን ለመሞከር ሳይቸኩሉ እንዲሁ ቢልኩልን እንመርጣለን። ያለን የሚሠራ ቴፕ አንድ ነው፤ ቀበቶውም ላልቷል። ትርፍ ቀበቶ ያለው ወይም መጠገን የሚያውቅ ሰው ቢገኝ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ጎን ባለው ክፍል ያገኘናል።